አንድ ሙሉ ደቂቃ

ዬሪም የሞተችው ቢዘገይ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ሐኪሙ በዚህ አይከራከርም። ሰውነቷ ላይ የተሰካው ኦክስጅን መለኪያ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ደቂቃ ድረስ «ደህና ናት» ሲል ነበር። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል። ሐኪም አይዋሽም፣ መሣሪያም አይዋሽም፤ እንግዲያው ነርሷ ናት አሉና ነገሩን ዘጉት።

መርማሪ ቡ ሚጆንግ ስልኩ ሲደወልላት መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ እያኘከች ነበር። ከደሴቱ ሰሜን፣ ከሌላ ሬሳ መመለሷ ነው። ሃያ ዓመት የማዋለጃ ክፍል ነርስ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ደግሞ የሆስፒታል ሞት መርማሪ ሆና ሠርታለች፤ ጉልበቷ ካለቀ ቆይቷል፤ ጡረታዋ አራት ወር ቀርቶታል።

«ነገሩ እኮ አልቋል» አለ በስልክ የማዋለጃው ሥራ አስኪያጅ። «የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የዐቃቤ ሕጉ ሰው መጥቶ ነርሷን ይወስዳታል።»

«ፊርማዬን ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት በፖስታ ልላክላችሁ?»

ሰውየው ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ ግን አልቀለደችም፤ ከልቧ ደክሟታል። ቢሆንም መኪናዋን አስነሳች።

ክፍሉ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ይሞቃል። መስኮቱ ዳር ዳሩ በፕላስተር ታሽጓል። እዚህ ደሴት ላይ አራስ ነፋስ ከነካት እስከ እርጅናዋ አጥንቷን ይበላታል ይባላል፤ ዶክተሩ «አየር ይግባ» ቢል ማን ሊሰማው! ዬሪም እስከ አገጯ በወፍራም ብርድ ልብስ ተሸፍናለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ወልዳ ለሰባት ሰዓት ያህል እናት ሆና ነበር።

«ለሕመሙ ምን ሰጣችኋት?» አለች መርማሪዋ።

የሰመመን ሐኪሙ ዶክተር ሂዮን ዓይኑ ቀልቷል። «ወገቧ ውስጥ ከማደንዘዣው ጋር ሞርፊን። ሁሌም የምንሰጠው መጠን ነው። እስከ ነገ ጠዋት ሕመም አታውቅም።»

«በሞርፊኑ መተንፈሱም ቀስ እያለ ሊረሳት ይችላል።»

«ከስንት አንድ ሰው። ለዚህ እኮ ነው በየሰዓቱ ትንፋሽ ይቆጠር፣ ኦክስጅን መለኪያው አይነቀል ብዬ በቀይ የጻፍኩት። ዘጠኝ ከአርባ አምስት ላይ ሮጬ ስገባ ጀርባዋ ላይ ደም ወርዶ ወይን ጠጅ መስሏል። እንዲህ ለመሆን ቢያንስ አርባ አምስት ደቂቃ ይፈጃል።»

መርማሪ ቡ ብርድ ልብሱን ገለጠች። የመለኪያው መቆንጠጫ የቀኝ እጇ ጠቋሚ ጣት ላይ ነው። የዐሥሩም ጣቶቿ ጥፍር በአበባ ጭማቂ ብርቱካናማ ሆኗል፤ በጋ ላይ ሴቶቹ ተሰብስበው እየተሳሳቁ የሚቀቡት ነው። እግሯን ደግሞ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ የሱፍ ካልሲ ውጦታል። መርማሪዋ የግራውን ካልሲ ቀስ ብላ ሳበች። አውራ ጣቱ ላይ የተቀደደ ፕላስተር ተለጥፎ ቀርቷል፤ ከሥሩም ቆዳው ሰርጎድ ብሏል።

ካልሲውን መልሳ አለበሰቻት። ለምን እንደመለሰችው ራሷም አታውቅም፤ ምናልባት እንዳይበርዳት ይሆናል።

ነርሷ ሶሄ አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ተቆልፎባት ተቀምጣለች። ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። መርማሪዋ ከቦርሳዋ የተረፈውን ሩዝ አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት።

«ብዪ።»

«አይወርድልኝም።»

«ባይወርድም ብዪ። መቆንጠጫውን የት ነው ያደረግሽላት?»

«እግሯ ላይ፣ የግራ አውራ ጣቷ ላይ። ዶክተሩ የእጅ ጥፍር ከተቀባ ቁጥሩን አላምንም ይላል። እንዳይወልቅ ብዬ በፕላስተር አሰርኩት።»

«ትንፋሽሽንስ... ትንፋሿንስ ቆጠርሽ?» ምላሷ መሳቱ ድካሟን አሳበቀባት።

ሶሄ ወለሉን አየች። «ቆጥሬያለሁ። ቻርቱ ላይ አለ።»

ቻርቱ ላይ አለ፤ እውነቷን ነው። አምስት ሰዓት ላይ ዐሥራ ሰባት። ስድስት ሰዓት ላይ ዐሥራ አምስት። ሰባት ሰዓት ላይ ዐሥራ ሦስት። ስምንት ላይ ዐሥራ ስድስት፤ ዘጠኝ ላይም ዐሥራ ስድስት። መርማሪ ቡ ቻርቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ወጣች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ደመወዟ ነው፤ ግን ደስ ብሏት ጠርጥራ አታውቅም።

የሟቿ ባል ቴጁን ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ የመንደሪን እርሻ ያለው ሰው ነው። መርማሪዋ ሐዘንህ ሐዘኔ ነው ብላ እጁን ያዘች፤ ይዛም ቆየች። የቆየ የነርስነት ልማዷ ነው፤ ሰው ስታጽናና ሳታስበው የደም ሥሩን ትቆጥራለች። ሃምሳ አራት።

«ሯጭ ነህ እንዴ?»

«እ? አዎ፤ በየዓመቱ ተራራውን በሩጫ እንወጣለን። ምነው?»

«ምንም። መሣሪያው ያስቸግራችሁ ነበር አሉ።»

«ማስቸገር ብቻ! እግሯን ባነቃነቀች ቁጥር ይጮሃል። ሚስቴ ሁለት ቀን አልተኛችም፤ አምጣ አምጣ ነው ወደ ቀዶ ሕክምና የገባችው። ሁለት ጊዜ ሄጄ ሲስተር፣ እባክሽ ዝም አሰኚልን ብያታለሁ።»

«ቀን ላይ የት ነበርክ?»

«እስከ ስምንት ሰዓት እዚሁ ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ። ከዚያ ምድር ቤት ወርጄ ለወንድሞቼ ደወልኩ። ልጅቷን በመስታወት ሳይ... ደስ ብሎኝ እኮ ነበር። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር።»

የባልየው እናት ኦክሺም ደግሞ የባሕር ቅጠል ሾርባ የሞላ ድስት አቅፈው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ለአራስ የሚሰጥ ሾርባ ነው፤ አሁን የሚጠጣው የለም፤ እሳቸው ግን ድስቱን ከእጃቸው አላወርድ ብለዋል።

«ካልሲውን ያመጡት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ እኔ ነኝ! ወንጀል ነው? አራስ ባዶ እግሯን ተጋድማ ዝም ብዬ ልያት? እስቲ ይንገሩኝ፣ እርስዎ ቢሆኑ ዝም ይላሉ?» አሉ ኦክሺም ተቆጥተው። «ያ ገመድ እግሯ ላይ ተንጠልጥሎ ሳይ እጅና እግሯን አሙቁ፣ ካልሲውን አልብሷት ብዬ ለሁለቱም ነገርኳቸው። ለልጄም፣ ለእናቷ ለእትዬ ማልሱንም። ሰባት ሰዓት ሲሆን ሾርባዬን ላበስል ወጣሁ። ስመለስ...» ድስቱን ጠበቅ አደረጉት። «ከምራታቸው ጋር ተጣልተው ነበር የሚልዎት ይኖራል። ተጣልተናል። የትኛዋ አማት ያልተጣላች! ግን ሾርባውን ከልቤ ነው የሠራሁት።»

«ያስታውቃል» አለች መርማሪዋ፤ እውነቷን ነበር።

የሟቿ እናት ማልሱን የሕፃናቱ ክፍል መስታወት ፊት ቆመዋል። ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። ከዐሥራ ሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ባሕር እየጠለቁ፣ ያለ አየር ሲሊንደር ትንፋሻቸውን ብቻ ይዘው የባሕር ቀንድ አውጣ ሲለቅሙ ኖረዋል። ጆሯቸው በውሃው ግፊት ከብዷል። አላለቀሱም።

«እርስዎ ከአጠገቧ አልተለዩም አሉኝ።»

«ወዴት እለያለሁ? እታች ባለችው የአስታማሚ አልጋ ላይ ነበርኩ። ልጄ በደንብ ተኝታ ነበር።»

«በደንብ መተኛቷን እንዴት አወቁ?»

«እንዴት አወቁ ትለኛለች! ሃምሳ ዓመት በትንፋሽ እንጀራዬን የበላሁ ሰው ነኝ እኮ» አሉ ማልሱን፤ ፊታቸው ላይ ኩራት የመሰለ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። «የማንንም ትንፋሽ አይቼ አውቃለሁ። ሲስተሯ በሩን ስትከፍት ሽሽ፣ አትቀስቅሺብኝ አልኳት። ሁለቴ መጣች፤ ሁለቴ መለስኳት።»

መርማሪ ቡ ሻካራ እጃቸውን ይዛ ነበር። ስንት እንደቆጠረች ለማንም አልተናገረችም። እጃቸውን ለቀቀችና ወደ ነርሶቹ ጠረጴዛ ሄዳ የመሣሪያውን የቀኑን መዝገብ አሳትማ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብታ ፊቷን ታጠበች። ሰዓቷን ስታይ ለዐሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ነው። ዝም ብትል ይህቺ ልጅ እስር ቤት ትገባለች። ብትናገር ደግሞ... አይ የኔ ነገር፤ ምነው የዛሬ ዓመት ጡረታ በወጣሁ ኖሮ፣ አለች ለመስታወቱ።

ቤተሰቡም ሠራተኞቹም ነርሶች ሻይ በሚጠጡበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ሶሄን አምጥተው ጥግ ላይ አስቀመጧት። የዐቃቤ ሕጉ ሰው፣ ገና ጎልማሳ፣ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

«አጭር ቢሆን ጥሩ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ነርሷ መቆንጠጫውን የራሷ ጣት ላይ ሰክታ የውሸት ቁጥር አስመዝግባለች። ሌላ ምን አለ?»

«ግማሹን አግኝተሃል» አለች መርማሪ ቡ። ወንበር ሳበች። «መሣሪያው አልዋሸም። የተሰካበት ሰው በሕይወት ነበር፤ ያ ሰው ግን ዬሪም አልነበረችም። ከሥር ልጀምር።

«ሶሄ መቆንጠጫውን ያሰረችው እግር ላይ ነው፤ የፕላስተሩ ቁራጭ እስካሁን አውራ ጣቷ ላይ አለ። ሬሳው ሲገኝ ግን እጅ ላይ ነበር። ያውም ዶክተሩ በማያምንበት፣ በተቀባ ጥፍር ላይ። እዚህ ቤት የምትሠራ ነርስ ለማስመሰል ብትፈልግ ወደ እግሯ ትመልሰው ነበር እንጂ እጇ ላይ አትሰካውም። ስለዚህ የመለሰው ሰው የዚህን ቤት ሕግ የማያውቅ ነው።»

«ለምን ተነቀለ ታዲያ?» አለ ዶክተር ሂዮን።

«በካልሲው ምክንያት። ያ ካልሲ ከነመቆንጠጫው አይገባም።»

ኦክሺም ድስቱን መሬት አስቀመጡት። «ወይ ጉዴ» አሉ ቀስ ብለው።

«አሁን የመሣሪያውን ወረቀት እዩት። ከጠዋት ጀምሮ የዬሪም ልብ በደቂቃ ከዘጠና በላይ ይመታል፤ ደም የፈሰሳት አራስ ነቻ። ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ አንድ ጩኸት አለ፤ ተነቅሎ ነው። ከዚያ በአንድ ጊዜ ሃምሳ አንድ ይሆናል። የሰው ልብ ከዘጠና ወደ ሃምሳ አንድ በእንዲህ ያለ ፍጥነት አይወርድም። ልቡ ቀስ ብሎ የሚመታ ሌላ ሰው ነው ማለት ነው።»

ቴጁን ከግድግዳው ተነቀለ። «የኔን... እጄን የያዙት ለዚህ ነው? እኔን ነው የሚሉት?»

«ያንተም ቀስ ይላል፤ ሃምሳ አራት ነው። ጠርጥሬህ ነበር፤ ይቅር በለኝ። ግን ቀጥሎ ያለውን እይ። ከሰባት ከሃያ እስከ ዘጠኝ ከሠላሳ ስምንት መስመሩ አንድም ቦታ አልተቆረጠም። ገመዱ አጭር ነው፤ ከአልጋው አጠገብ ካለችው ዝቅተኛ አልጋ አያልፍም። መቆንጠጫውን ያደረገው ሰው ሁለት ሰዓት ከዐሥራ ስምንት ደቂቃ ከዚያች አልጋ አልተነሣም። አንተ ስምንት ሰዓት ላይ ወርደሃል። እናትህ ቤታቸው ነበሩ። ሶሄ ሃያ ሁለት ሴቶች መሀል ትሮጥ ነበር፤ እሷ ብትሆን ከአልጋ አልጋ ስትሮጥ መስመሩ መቶ ቦታ ይቆረጥ ነበር።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የተረፈውን ሰው ስም መጥራት አልቻለችም። ሃምሳ ምናምን ጊዜ በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ስም ጠርታለች፤ የዛሬው ግን ከበዳት።

«ጮክ በይ» አሉ ማልሱን። «ጆሮዬ ከባድ ነው። እኔን ነው የምትዪው አይደል?»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየቻቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ካልሲው አልገባ ሲለኝ ነቀልኩት። ጮኸ። ልጄ ዓይኗን ገልጣ ‹እማዬ፣ በናትሽ ዝም አሰኚልኝ› አለችኝ። የኔን ጣት ባስገባበት ዝም አለ። ሁለታችንም ሳቅን። ‹ጎበዝ! አሁን አንቺ ነሽ አራሷ› አለችኝ። ከዚያ ተኛች።»

«እማዬ...» አለ ቴጁን።

«ተወኝ፣ ልጨርስ። ተኛች። ማንኮራፋት ጀመረች፤ እሰይ፣ እንቅልፍ ወሰዳት አልኩ። ከዚያ ማንኮራፋቱን ተወችና ትንፋሿ ረዘመ። ሳብ ታደርጋለች፣ ትቆያለች፣ ትቆያለች፣ ከዚያ ትለቀዋለች። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየሁ ቆጠርኩላት። በደቂቃ ስድስት።»

ሐኪሙ ዓይኑን ጨፈነ።

«ኮራሁ» አሉ ማልሱን። «ሰማችሁ? ኮራሁባት። ባሕር ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሰው ቀድሞ ይሞታል፤ ጎበዝ የሚባለው ትንፋሹ ጥቂት የሆነ ነው። ይህቺ ልጅ ባሕር አልገባም ብላ ከተማ ሄዳ የተማረች ናት። ትንፋሼን ማንም አልወረሰኝም እያልኩ ስቆጭ ነበር የኖርኩት። ለካ ወርሳኛለች አልኩ። ለእህቶቼ ነግሬ እኮራባቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ... እያሰብኩ እኔንም እንቅልፍ ወሰደኝ። ሲስተሯ ሁለተኛ ስትመጣም በእንቅልፍ ልቤ ነው ሽሽ ያልኳት። ስነቃ እግሯን በካልሲው ላይ ዳሰስኩት፤ አልተነቃነቀችም። መሣሪያው ይጩህልኝ፣ ሰው ይጥራልኝ ብዬ የእጇ ጣት ላይ መለስኩላት። ጮኸ። ሲጮህ፣ ሲጮህ...»

«ሰባት ደቂቃ» አለች መርማሪ ቡ። «ሰባት ደቂቃ ሙሉ ጮኸ። ከጠዋት ጀምሮ በከንቱ ሲጮህ ስለዋለ ማንም አልቸኮለም።»

«ለምን ቀድመው አልተናገሩም?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ ማልሱን። «ደግሞም ባወራው እውነት ይሆንብኛል።»

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ማልሱን ይህን ተረት ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ባሕሩ እያሳሳቀ ስንት ጓደኛቸውን ወስዶባቸዋል። ደረቅ ክፍል ውስጥ፣ ሙቅ ብርድ ልብስ ሥር ግን ይመጣል ብለው አልጠረጠሩም።

ሥራ አስኪያጁ ተንፈስ አለ። «እንግዲህ የቤተሰብ ስሕተት ነው። በጣም ያሳዝናል። ነርሷም ነጻ ናት፣ ቤታችንም...»

«ቤታችሁን ተወው» አለች መርማሪ ቡ። ቻርቱን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ዐሥራ ሰባት፣ ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ሦስት። እነዚህ ተቆጥረዋል፤ አንድ ሙሉ ደቂቃ ደረት እየታየ፤ እየወረዱም ነበር። ከዚያ ዐሥራ ስድስት፣ ዐሥራ ስድስት። ስንፍና አልለውም፤ እኔም በሃያ ዓመት ውስጥ ስንቴ ዐሥራ ስድስት ብዬ ጽፌያለሁ። ነርስ ሁሉ ሳይቆጥር ሲቀር የሚጽፋት የጤነኛ ሰው ቁጥር ናት። መሣሪያው ትንፋሽ አይቆጥርም። ትንፋሽ የሚቆጥረው ሰው ነው።»

ሶሄ ተነሣች። ዝም ብትል ይበቃት ነበር። የዐቃቤ ሕጉ ሰው ቦርሳውን ዘግቷል፤ የተጻፈባት ክስ መሣሪያውን አታለለች የሚል ነው፤ እሱም ፈርሷል።

«አልቆጠርኩም» አለች። «ስምንት ላይም፣ ዘጠኝ ላይም። ጎረቤት ክፍል ደም የሚፈሳት ሴት ነበረች፤ ሁለት ነርሶች ነን። በሩን ከፈትኩ፣ እማማ ሽሽ አሉኝ፣ የመሣሪያው ሰሌዳ ኦክስጅኗ ዘጠና ስምንት ነው ይላል። ደስ አለኝ። አንድ አልጋ ቀለለልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ብገባ ኖሮ...»

«ዝም በይ ልጄ» አሉ ማልሱን። «እኔ ነኝ የመለስኩሽ።»

«መግባት ነበረብኝ። ቢቆጡኝም መግባት ነበረብኝ።»

«ሁሉንም እጽፈዋለሁ» አለች መርማሪ ቡ። «የእማማን ጣት፣ የሶሄን ዐሥራ ስድስት፣ ለሃያ ሁለት ሴት ሁለት ነርስ የመደበውንም ሰው ስም። ፊርማዬ ከዚያ በኋላ ነው።» የዐቃቤ ሕጉ ሰው ለሐዘንተኞቹ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ብቻውን ወጣ።

ቴጁን ወደ አማቱ ዞረ። ሁሉም ይጮህባቸዋል ብለው ነበር። ሄዶ እግራቸው ሥር ተቀመጠና ግንባሩን ጉልበታቸው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። እሳቸውም ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት፤ ከውሃ ሲወጡ የያዙትን ትንፋሽ በፉጨት እንደሚለቁት ባለ ቀጭን ድምፅ።

መርማሪ ቡ ልትሄድ ኮቷን ስትለብስ ማልሱንን ሕፃናቱ ክፍል በር ላይ አየቻቸው። ሶሄን በእጅጌዋ ይዘዋታል።

«እንዴት ነው የሚቆጠረው?» ይላሉ። «እንዳንቺ አስተምሪኝ። የኔ ልክ አይደለም።»

ሶሄ በሩን ከፈተችላቸው። ሕፃኗ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ሶሄ ሻካራውን መዳፍ ወስዳ የሕፃኗ ሆድ ላይ አስቀመጠችውና የራሷን ሰዓት አስረከበቻቸው። «ከፍ ሲል አንድ። አንድ ሙሉ ደቂቃ፤ አያቋርጡ።»

ቆጠሩ። መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች፤ ጉልበቷ እያመማት አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆመች።

«አርባ አራት» አሉ ማልሱን፤ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ብዙ ነው። ደካማ ናት ማለት ነው?»

«አይደለችም እማማ። ለሕፃን ልኩ ይኸው ነው። ጎበዝ ናት።»

ማልሱን እጃቸውን አላነሡም።

«እንደገና ልቁጠር» አሉ።